የጋሪ ፈረስ ዐይን ቀጠሮ አይሰጥም

ነገሥታቱንና የጦር መሪዎቹን በፈረሳቸው ስም ሲጠራ የኖረ ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያልን አድገናል። ይሁን እንጂ ዛሬ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔና በሌሎችም ከተሞች ሰውና ጭነት ሲያመላልስ የሚውለው የጋሪ ፈረስ ዐይኑ ቀልቶና አብጦ፣ እንባው በጉንጩ ላይ መስመር አውጥቶ ስናየው አልፈነው እንሄዳለን። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት ሐሳብ አጭር ነው። ያበጠ ወይም የቀላ የፈረስ ዐይን «ይደር» የሚባልለት ሕመም ሳይሆን በዕለቱ ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ድንገተኛ አደጋ ነው። ባለሙያ ሳያየው በፊት ደግሞ የተገኘውን ቅባት ሁሉ መቀባት ሊቆም ይገባል።

ለጉዳት የተጋለጠ ዐይን

የፈረስ ዐይን ከየብስ አጥቢ እንስሳት ዐይኖች መካከል ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ከራስ ቅሉ ግራና ቀኝ ወጣ ብሎ በመቀመጡ ፈረሱ አንገቱን ሳያዞር በዙሪያው ካለው 360 ዲግሪ ውስጥ 350 ያህሉን ይቃኛል። በሜዳ ላይ ከአራዊት ለማምለጥ የጠቀመው ይህ ተፈጥሮ ግን ጋሪ ሲጠመድ ዕዳ ይሆንበታል። የጅራፍ ጫፍ፣ የጭድ ስንጥር፣ የመንገድ አቧራ፣ በትክክል ሳይሰፋ ቀርቶ ወደ ውስጥ የታጠፈ የዐይን መከለያ፣ ሁሉም በቀላሉ ያገኙታል። ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ኮርኒያ የሚባለው፣ ብርሃን የሚያስገባው የዐይን የፊት መስተዋት ነው፤ ውፍረቱም ከ1 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም።

ሕመሙን ለመለየት የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ጤነኛ ፈረስ ፊት ለፊት ሲታይ የላይኛው ቆብ ሽፋሽፍቶቹ ወደ ውጭ ቀጥ ብለው ይታያሉ። ዐይኑን ሲያመው ወደ ታች ያዘነብላሉ። የሁለቱን ዐይኖች ሽፋሽፍት ማነጻጸር ብቻውን ብዙ ይናገራል። እንባ መብዛት፣ ከብርሃን መሸሽ፣ ዐይንን ጨፍኖ መዋል፣ የመስተዋቱ መደብዘዝ ወይም ሰማያዊ መምሰል ሁሉም ምልክቶች ናቸው።

አንድ መልክ፣ ሁለት በሽታ

የክርክራችን እምብርት ይህ ነው። በውጭ ሲታዩ እጅግ የሚመሳሰሉ፣ በሕክምናቸው ግን ተቃራኒ የሆኑ ቢያንስ ሁለት በሽታዎች አሉ።

የመጀመሪያው የኮርኒያ ቁስለት ነው። መስተዋቱ ሲጫር በቁስሉ በኩል ባክቴሪያና ፈንገስ ይገባሉ። በተለይ ጉዳቱ በጭድ ወይም በእሾህ የመጣ ከሆነ አስፐርጂለስና ፉዛሪየም የተባሉት ፈንገሶች ያሰጋሉ። አንዳንድ ባክቴሪያዎችና የራሱ የፈረሱ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያመነጯቸው ኢንዛይሞች ኮርኒያውን ያዋቀረውን ኮላጅን ስለሚያሟሙ፣ ትንሽ ጭረት የነበረው ቁስል በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ዐይኑን ሊያፈርጠው ይችላል።

ሁለተኛው ዩቪያይተስ የሚባለው የዐይን ውስጠኛ ክፍል ብግነት ነው። እየተሻለው መልሶ የሚያገረሽበት ዓይነት በዓለም ዙሪያ ፈረሶችን ከሚያሳውሩ በሽታዎች ቀዳሚው ነው። በጥንት ዘመን አውሮፓውያን ምልልሱን ከጨረቃ ዑደት ጋር ያያይዙት ነበር። ዛሬ ግን ሌፕቶስፓይራ ከተባለው ባክቴሪያና የፈረሱ መከላከያ ሥርዓት በገዛ ዐይኑ ላይ ከመነሣቱ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል። ባገረሸ ቁጥር ጠባሳ ትቶ ያልፋል። «ተሻለው» ሲባል እይታው ጥቂት በጥቂት እየተሰረቀ ነው።

ለዩቪያይተስ ዋናው መድኃኒት ብግነትን የሚያበርድ እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ ስቴሮይድ ነው። ይኸው መድኃኒት ቁስለት ባለበት ኮርኒያ ላይ ሲቀባ ግን የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፣ ፈንገሱን ያበረታል፣ የኮላጅኑንም መሟሟት ያፋጥናል። አንዱን ዐይን የሚያድን ቱቦ ሌላውን ያጠፋል ማለት ነው። ከሰው ሕክምና የተረፈ የዐይን ቅባት ለፈረሱ የሚቀባ ባለጋሪ በቱቦው ውስጥ አንቲባዮቲክ ብቻ ይኑር ወይም ስቴሮይድ ይቀላቀልበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቢያውቅም እንኳ ዐይኑ ቁስለት ይኑረው አይኑረው በባዶ ዐይን መለየት ያዳግተዋል።

የሚለየው ፍሎረሲን የተባለ ቀለም ነው። ይህን ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1871 ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር ነበር። የኮርኒያ የላይኛው ንጣፍ ስብነት ስላለው ውሃ ወዳዱን ቀለም አያስገባም፤ ሲታጠብም ተጠርጎ ይሄዳል። ንጣፉ በተገሸለጠበት ቦታ ግን ከሥሩ ያለው ውሃ አዘል ክፍል ቀለሙን ይመጠዋል። በሰማያዊ ብርሃንም አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በቀለሙ የተነከረች አንዲት የወረቀት ቁራጭ ከትክክለኛውና ከአጥፊው መድኃኒት መካከል ትመርጥልናለች።

ዝንብና ጓዶቹ

የዝንብም ድርሻ ቀላል አይደለም። ቴላዚያ የሚባለውን የዐይን ትልና ሀብሮኔማ የሚባለውን የትል ዕጭ ወደ ዐይን የሚያደርሰው ዝንብ ነው። በሀገራችን የጋሪ ፈረሶች ዘንድ የተስፋፋው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የተባለው የፈንገስ በሽታም በቆዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በዐይን ላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ፍግን ከጋጣ ማራቅ፣ ልጓምንና የዐይን መከለያን ከፈረስ ወደ ፈረስ አለማዛወር የዐይን ሕክምና አካል ሊሆን ይገባል።

ባለጋሪው ምን ያድርግ?

ፈረሱን ከሥራ ማሳረፍ፣ የሚፈገፍገውን መከለያ ማውለቅና ከፀሐይ ወደ ጥላ ማስገባት ይቀድማል። ተፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው ሟሙቶ፣ ለየዐይኑ በተለያየ ንጹሕ ጨርቅ ከውጭ ያለውን ፈሳሽ ቀስ ብሎ መጥረግ ይቻላል። በአማርኛችን «ዐይኑን በጨው ያጠበ» የሚባለው ኀፍረት የለሹ ነው፤ በግምት የተበጠበጠ ጨው ግን የፈረስን ዐይን ይለበልባል። መጠኑን መጠበቅ ግድ ነው። የተጨፈነውን ቆብ በኃይል መክፈት፣ የቅጠል ጭማቂ ማንጠብጠብና የተረፈ ቅባት መቀባት አይገባም። ቀጥሎ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ ነው።

ለተቃውሞው መልስ

«ትራኮማ ገና ብዙ ወገኖቻችንን በሚያሳውርበት ሀገር ስለ ፈረስ ዐይን ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ሥጋቱን እናከብራለን፤ ድምዳሜውን ግን አንቀበልም። የጋሪ ፈረስ የአንድ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ ነው። በአንድ ዐይኑ የታወረ ፈረስ በዚያ በኩል በሚመጣ መኪና ይደነብራል፤ አደጋው ለተሳፋሪውም ለእግረኛውም ይተርፋል። ለገበያ ቢቀርብም ዋጋው ይወድቃል። ባለጋሪው «አንድ ቀን ካላሠራሁት ምን እበላለሁ?» ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን የጥቂት ቀናት ዕረፍት ከዘላለም ዕውርነት ይረክሳል፤ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። «ባጃጅ ይተካዋል» የሚሉም አሉ። እስኪተካ ድረስ ግን ፈረሱ ያየናል፤ እኛም ልናየው ይገባል።

ከማን ምን እንጠብቅ?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የጋሪ ፈረስ ባለባቸው ከተሞች የሚገኙ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች የፍሎረሲን ወረቀት ከመደርደሪያቸው እንዳይጠፋ ያድርጉ። ፋርማሲዎች ስቴሮይድ ያለበትን የዐይን መድኃኒት ያለ ማዘዣ አይሽጡ። በቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትን የመሰሉ ተቋማት ተማሪዎቻቸውን ወደ ጋሪ ማቆሚያው ይላኩ። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎችም ስለ ኢንዛይምና ስለ ሟሚነት በክፍል የተማሩትን ለባለጋሪው በሚገባው ቋንቋ ያስረዱት። ሳይንስ በመጽሐፍ ተዘግቶ የሚቀመጥ ሳይሆን ወደ ጋሪ ማቆሚያው የሚወርድ ዕውቀት መሆኑን የምናሳይበት ከዚህ የቀረበ ዕድል አናገኝም። በሚቀጥለው ጊዜ ጋሪ ስትሳፈሩ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ፈረሱ ፊት ዞር በሉና ሽፋሽፍቶቹን አነጻጽሩ። አንዱ ካዘነበለ ለባለቤቱ በአክብሮት ንገሩት፤ ለነገ አታሳድሩት።