የአዋሽን ልጅ ውሃ ሲጠማው

«ባዶ መሬት» የሚባል ቃል አለ። በክፍል ይነገራል፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ይሰፍራል፤ በልማት ዕቅድም ላይ ከሄክታር ቁጥር ጐን ይቀመጣል። ቃሉ ሲሰሙት ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውን ከአገሩ የመንቀል ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በዚሁ ቃል ነው። ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት አንዲት ትንሽ ከተማ በምስክርነት እጠራለሁ፤ እርሷም አሳይታ ናት።

አሳይታ በአፋር ምድር፥ በአዋሽ ዳር ያለች የገበሬና የከብት አርቢ ከተማ ናት። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም፤ ከአሳይታ በታች ባሉት ሐይቆች አልፎ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እንግዲህ አሳይታ የወንዙ ጅራት ናት። ከላይ ያለው ሁሉ ጠጥቶ፥ አጠጥቶና አጥቦ የተረፈው ነው እርሷ ዘንድ የሚደርሰው።

ዙሪያዋ በረሃ ነው፤ እርሷ ግን በቆሎ፥ ጥጥና ተምር የሚበቅልባት ለምለም ስፍራ ናት። ይህን ልምላሜ ያመጣላት ኩባንያ አይደለም። አውሳ የሚባለው ይህ አገር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1577 የሐረር ኢማም መንበሩን ያዛወረበት፥ ኋላም የአፋር ሱልጣኖች የተቀመጡበት ነው። መንበር በባዶ መሬት ላይ አይተከልም።

«አፋር እርሻ አያውቅም» የሚሉም አሉ። የውጭ ኩባንያ በተንዳሆ ጥጥ በሚያለማበት በዚያው ዘመን ሱልጣን ዓሊ ሚራሕና ተከታዮቻቸው በአውሳ ሰፊ የጥጥ እርሻ ነበራቸው። የዚያ ጥጥ ትርፍ ለተራው አርብቶ አደር ደርሶታል አልልም፤ ባላባት በየትም አገር ባላባት ነው። ነገር ግን አለማወቅ ሰበብ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። የቆቃ ግድብ በ1952 ተመረቀ። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያም ወዲህ በመተሐራ ሸንኮራ፥ በአሚባራ ጥጥ፥ በተንዳሆም ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋራ ያለማው ጥጥ ተከታተለ። በወረቀት ሲታይ ያማረ ነው። አፋሩ ግን የሚኖረው በወረቀት ላይ አልነበረም።

የአፋር አርብቶ አደር ኑሮ ሥርዓት ያለው ነው። በዝናሙ ወራት ከብቱን ከወንዙ አርቆ ያሰማራል። ክረምት አዋሽ ሞልቶ ሜዳውን ያለብሳል፤ ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ይበቅላል፤ በበጋም ሌላው ምድር ሲደርቅ ከብቱ ሁሉ ወደዚያ ሜዳ ይመለሳል። እንግዲህ መሐንዲሱ በዝናም ወራት መጥቶ ቢያይ፥ ሜዳው ሰው የለበትም፤ «ባዶ ነው» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን ይህ ባዶ የተባለው ሜዳ የአርብቶ አደሩ ጐተራ ነው። ጐተራ እስኪከፈት ድረስ ዝም ብሎ ስለሚቆይ፥ ባለቤት የለውም ተብሎ ይወሰዳልን? ከሰፊው በረሃ ጋራ ሲነጻጸር የተወሰደው መሬት ጥቂት ነው ይሉናል። አዎን፥ ጥቂት ነው፤ ልብም ከሰውነት ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ናት።

ውጤቱ በ1965 እና በ1966 ታየ። ዝናም ቀረ፤ ከብቱ እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ ቢወርድ ሜዳው ጥጥ ሆኖ ቆየው። በዚያ ድርቅ አፋሩ ከብቱን ብቻ ሳይሆን ልጆቹንም ቀበረ። በ1967 አብዮቱ እርሻዎቹን የመንግሥት አደረገ። ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ ሜዳው ወደ ከብቱ አልተመለሰም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከአሳይታ በላይ የተንዳሆ ግድብ ተሠራ፤ 50 ሺህ ሄክታር ሸንኮራ ይለማል ተባለ፤ አልደረሰም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ የምድሩም ላም አብሮ መሄዱ ነው። በ2008 ድርቁ ተመለሰ። በነሐሴ 2012 ደግሞ አዋሽ ሞልቶ ዱብቲን፥ አሳይታንና አፋምቦን አጥለቀለቀ፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጣ። ውሃ ሲያስፈልግ ከላይ ይያዛል፤ ውሃ ሲበዛ ወደ ታች ይለቀቃል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው የሚለኝ ካለ፥ የግድቡን መዝጊያ የሚያዝዘው ተፈጥሮ ነው ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

«አገር ስኳርና ጥጥ ያስፈልጋታል» ይባል ይሆናል። ማን ካደ? እኔም ሻዬን በስኳር እጠጣለሁ። ክርክሬ ከግድብ ጋራ አይደለም፤ ከሒሳቡ ጋራ ነው። የስኳሩ ኩንታል ይቆጠራል፤ የሞተው ግመል አይቆጠርም። የለማው ሄክታር ይመዘገባል፤ የጠፋው የበጋ ግጦሽ አይመዘገብም። አንዱን ወገን ብቻ የሚጽፍ ሒሳብ በነጋዴ ዘንድ ማጭበርበር ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ጥናት ተብሎ ይታተማል።

ደግሞም ነገሩ ሩቅ አገር ነው አንበል። የአዲስ አበባ ወንዞች፥ ቀበና ጭምር፥ ወደ አቃቂ፥ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባሉ። የፋብሪካችን ዝቃጭና የመንደራችን ቆሻሻ ጉዞውን ወደዚያ ይጀምራል። ከአሳይታ ሰዎች ጋራ ተዋውቀን አናውቅም፤ ወንዙ ግን አስተሳስሮናል።

እንግዲህ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ በአዋሽ ውሃ ክፍፍል የአሳይታና የአፋምቦ ገበሬና አርብቶ አደር ድርሻ በበጋም በክረምትም ተለክቶ በጽሑፍ ይታወቅ። ሁለተኛ፥ ግድብ ከመከፈቱ በፊት ማስጠንቀቂያው በአፋርኛ ለመንደሩ ይድረስ፤ የወንዙም መከላከያ ከክረምት በፊት ይጠገን እንጂ ከጎርፍ በኋላ አይጎብኝ። ሦስተኛው የእኛው ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። መምህሮቻችን ሆይ፥ ከእንግዲህ ተማሪ በጽሑፉ «ባዶ መሬት» ብሎ ሲያቀርብ፥ በየትኛው ወር ሄዶ እንዳየውና በበጋ የማን ከብት እንደሚውልበት ሳይጽፍ ማርክ አትስጡት።