«አርፈው ይቀመጡ» አንበላቸው

«እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፤ እኛ አለንልሽ።» በመካነ ሰላምም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ይህ ቃል የማይሰማበት ቤት ጥቂት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ውኃ ቀድተውና እንጨት ተሸክመው ላሳደጉ እናት ልጅ እንዲህ ማለቱ ወግ ነው፤ ከፍቅርም የመጣ ነው። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ግን ይህ አክብሮት ሰው ሲያደክም አይቻለሁ። ጉልበታቸውን ያመማቸው እናት መጀመሪያ ከገበያ፣ ቀጥሎ ከጓዳ፣ በመጨረሻም ከደጃፍ ይቀራሉ። ውለው አድረው ጉልበታቸው ሳይብስ፣ ከመቀመጥ ብዛት ብቻ ያለ ደጋፊ መነሳት ያቅታቸዋል።

ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ያልታጠፈ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ሚዛን ሲጠፋ መውደቅ ይመጣል። ጨርሶ ከአልጋ የዋለ ሰው ደግሞ ወገቡና ተረከዙ ይቆስላል፣ በእግሩም ደም ሊረጋ ይችላል።

ሐኪም «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ይላል። ዳገቱና ድንጋዩ፣ በክረምትም ጭቃው ባለበት አገራችን በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው «በየቀኑ ይራመዱ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። «እጅዎን አሥር ጊዜ ያንሱ» የሚለውም ሦስት ቀን ይሠራና ይሰለቻል። ሰው የሚዘልቅበት የሚወደውን ነገር ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ጀግና በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። የታከመው በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነበር። በዚያ ሆስፒታል አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች ስፖርትን እንደ አንድ ሕክምና ይወስዱታል። አበበም ተቀምጦ ቀስት ወረወረ፤ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። ያጣውን እግር ትተው በቀረለት እጅ ሊጫወት የሚችለውን ፈለጉለት።

እኛስ ቤት ምን አለ? ቡና አለ። ሦስቱን ስኒ እንጠቀምባቸው።

በአቦል ትከሻ ይሥራ። ወሎ ላይ ተወልዶ እስክስታ የጠላ የለም፤ እስክስታ ደግሞ መቆም አይጠይቅም። የሚወዱትን ዘፈን በሬዲዮ ወይም በስልክ ክፈቱላቸውና ተቀምጠው ትከሻቸውን ይምቱ። መንዙማ ወይም መዝሙር የሚወዱ በጭብጨባ ይከተሉ።

በቶና እግር ይሥራ። የልጅ ልጅ የጨርቅ ኳስ ያንከባልልላቸው፤ እሳቸው ከወንበር ሳይነሱ በእግራቸው ይመልሱ። በመሐሉ አንዱን እግር ዘርግተው እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ከዚያ ሌላውን።

በበረካ መነሳት ነው። ከረከቦቱና ከምድጃው ራቅ ብለው፣ ግድግዳ ከተደገፈ ጠንካራ ወንበር ላይ አምስት ጊዜ ይነሱና ይቀመጡ። ዱካ ዝቅ ስለሚል አይሆንም። ሰው አጠገባቸው ይቁም እንጂ ጎትቶ አያንሣቸው።

ለእጅ ደግሞ እንዝርት፣ ስፌትና ገበጣ አሉ። ስትሮክ አንድ ጎናቸውን የያዛቸው ሰው በደህናው እጅ የታመመውን እየደገፉ የገበጣውን ጠጠር ያንሱ። ቀስ ይላል፤ ተራቸውን እንጠብቅ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ጨምሮ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። አረጋውያን ደግሞ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛንና ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር እንዲጨምሩ ይላል። ቁጥሩ አያስፈራችሁ፤ ያው መመሪያ ጥቂትም ቢሆን ከምንም ይሻላል ይላል። በአምስት ደቂቃ ጀምሩ።

ጥንቃቄውን አትርሱ። ደረት ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ካዞራቸው ወዲያው ይቁም፤ ካልተሻላቸው ወደ ሕክምና ይሂዱ። ያበጠና የሚያቃጥል መገጣጠሚያ ይረፍ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከመነሳታቸው በፊት ጥቂት ይቀመጡ። ስትሮክ፣ ስብራት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ከመጀመራቸው በፊት ጤና ባለሙያ ያማክሩ። በእኛ ብርድ ደግሞ ማለዳውን ትታችሁ ፀሐይ ሞቅ ስትል አድርጉት።

በዚህ ሳምንት ልጆች ሆይ፣ ከእናታችሁ እጅ የወሰዳችሁትን አንድ ሥራ መልሱላቸው። ሽሮ ክክ ይልቀሙ፤ ጥጥ ይፍተሉ። ለእናንተም ለአያቶች፦ «ተዪ፣ እኔ ልሥራው» ማለት የልጅን ፍቅር መናቅ አይደለም።