የገጠር ኢንተርኔት፦ ነዋሪው ይዘርጋው ወይስ ኩባንያው?

ታወር ያልደረሰበት፣ ደርሶም ዳታ የማይጎትትበት ቀበሌ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለው ስፍራ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የራሱን የዋይፋይ ኔትወርክ ይዘርጋ? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ነዋሪው ይዘርጋው

ታወር የሚተከለው ካርድ የሚሞላ ሕዝብ በብዛት ባለበት ነው። ሸለቆ ውስጥ ተበታትኖ ለሚኖር ጥቂት መቶ አባወራ ሲል ጄኔሬተር፣ ናፍጣና ዘበኛ የሚያቆም ኩባንያ የለም። ኩባንያውን አልወቅስም፤ ማትረፍ ሥራው ነው። የምወቅሰው «እስኪመጣላችሁ ጠብቁ» የሚለውን ምክር ነው።

ያልጠበቁ አሉ። በስፔን ካታሎኒያ፣ ኦሶና በሚባል አካባቢ፣ ፈጣን መስመር አልመጣ ሲላቸው ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ከጣሪያ ጣሪያ አንቴና እያገናኙ ጊፊ ኔትን ጀመሩ። ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ የመገናኛ ነጥቦች አሉት፤ ፋይበርም ዘርግቷል። «ስፔንማ ሀብታም ናት» ለሚለኝ ደቡብ አፍሪካን እጠቅሳለሁ። በምሥራቃዊ ኬፕ የማንኮሲ ነዋሪዎች ከዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ኔትወርክ ዘረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዜንዜሌኒ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ፈቃድ ከማውጣት ግዴታ ነፃ አደረጋቸው። በዚያው ሶላር የጎረቤቱን ሞባይል በክፍያ ቻርጅ እያደረጉም ገቢ አገኙ።

ዕቃው የማይደረስበት አይደለም። ሁለት ኮረብታዎች እስከተያዩ ድረስ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ አንድ ጥንድ አንቴና አሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ያገናኛል። ማን ያስተዳድረዋል ለሚል ደግሞ ዕድር አለን፦ መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ፣ መዋጮ የሚሰበስብ ገንዘብ ያዥ፣ ቀሪ የሚቀጣ ዳኛ ያለው፣ በሕዝብ የታመነ ተቋም። የጎደለው ሕጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። ጎረቤታችን ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ለማኅበረሰብ ኔትወርኮች የተለየ የፈቃድ ማዕቀፍ አውጥታለች። እኛን ምን ከለከለን?

ዕዳው የባለፈቃዱ ነው

ወዳጄ የዘረዘሩት ሁሉ የምርቃቱን ቀን የሚያሳምር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ክረምት ነው። ባትሪ ይደክማል፤ ኮረብታ ላይ የቆመ ምሰሶ መብረቅ ይጠራል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ያድጋል። ሲተከሉ ይተያዩ የነበሩ ሁለት አንቴናዎች መሐል በጥቂት ዓመት የአንድ ገበሬ ባሕር ዛፍ ይገባል፤ ዝናብ ያረጠበው ቅጠልም ሞገዱን ይውጠዋል። ያን ጊዜ ሰውየውን «ዛፍህን ቁረጥ» የሚለው ማን ነው? ዛፉ እኮ ለቆርቆሮ መግዣ፣ ለልጅ ማስተማሪያ ያስቀመጠው ጥሪት ነው። ዕድር ሰው ለመቅበርና ለማስተዛዘን የቆመ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት በሚያጣላ ነገር ውስጥ ብናስገባው የምናጣው ኔትወርኩን ብቻ አይደለም።

ባለሙያውስ? ራውተሩን የሚያውቀው አንድ ልጅ ሥራ አግኝቶ ባሕር ዳር ወይም ሪያድ ሲገባ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ማንኮሲ ከጀርባው ዩኒቨርሲቲ ነበረው። ካታሎኒያዎቹም በበጎ ፈቃድ ብቻ አልዘለቁም፤ ተከፍሏቸው የሚሠሩ ባለሙያዎችና ወጪ የሚጋሩበት ሥርዓት አላቸው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ፍትሑ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለታወር መትከያ አያዋጣም፤ የተጠቀመበትን ይከፍላል፣ አለቀ። ገበሬው ግን ምሰሶውን አዋጥቶ፣ ጉድጓዱን በደቦ ቆፍሮ፣ በመጨረሻ ዳታውን ከዚያው ኩባንያ ይግዛ እየተባለ ነው፤ ከዋናው መስመር ያልተገናኘ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውምና። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2021 ለኢትዮጵያ የቴሌኮም ፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ፈቃዱ የሽፋን ግዴታ አለበት። ገጠሩ «ራሴን ችያለሁ» ባለ ማግስት ያንን ግዴታ ማን ያስፈጽመዋል?

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

ፍትሑ ላይ አንከራከርም። ይሁንና መብትን እየጠየቁ መሥራት ይቻላል፤ ጊፊ ኔትን የዘረጉት ሰዎች የኩባንያ መስመር እንዳይገባ በር አልዘጉም። ዋናው መስመር በተቋረጠበት ቀን እንኳ በትምህርት ቤቱ ቢሮ የተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር የአማርኛ ውክፔዲያን ኪዊክስ በተባለው ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ፕሮግራም፣ የመማሪያ ቪዲዮዎችንም ያለ ዳታ ለተማሪው ስልክ ያደርሳል። ለባሕር ዛፉ ምሰሶ ማስረዘም ይቻላል፤ ካልሆነም በወሰንና በውሃ የተጣላን የሚያስታርቅ ሽማግሌ በቅርንጫፍ አይሸነፍም።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ቤተ መጻሕፍት ነው፤ እሰየው፣ ነገ ይሠራ። ለኢንተርኔቱ ግን ጥያቄዬ ለባለሥልጣኑ ነው፦ የትኛው ቀበሌ መቼ እንደሚደርሰው ከነቀኑ ለሕዝብ ይፋ ይደረግ፤ ቀኑን ያሳለፈ ኩባንያ ይቀጣ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ነዋሪው ምሰሶ ልትከል ካለ እኔም ፈቃድ ይሰጠው እላለሁ፤ ወጪውን የሚሸፍነው ግን ያ የቅጣት ገንዘብ ይሁን።