ባሱን ጨምሩ፣ ስፒከሩን ግን አትንኩት

ሰሞኑን ኢንቦክስ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር ቢኖር ይኼ ነው፦ «ቲቸር፣ ለድሮው ስፒከሬ ባስ ገዛሁለት፣ ድምፁ ግን ከበፊቱ ባሰ። ስፒከሩን ልሽጠው እንዴ?»

ኧረ አትሽጡት! በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በየቤቱ ድምፅ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩም ሳብዉፈሩም አይደለም፤ የተገናኙበት መንገድ ነው። የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሳብዉፈር (ስፒናው ለብቻው ሶኬት ላይ የሚሰካው ማለቴ ነው) ከዋናው አምፕሊፋየር የሚፈልገው ጉልበት ሳይሆን መልእክት ብቻ ነው። ጉልበቱን ራሱ ከመብራቱ ይወስዳል። ታዲያ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄደውን ሽቦ ቆርጦ በሱ ሆድ ውስጥ ማዞር ለምን ያስፈልጋል?

ብዙ ቦታ የማየው ግን እንደዚያ ተደርጎ ነው። ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ሽቦ መጀመሪያ ሳብዉፈሩ ጀርባ ይገባል፣ ከዚያ «አውት» ከሚለው ወጥቶ ወደ ስፒከሮቹ ይሄዳል። በብዙ ሳብዉፈሮች ውስጥ በዚያ መንገድ ላይ ካፓሲተር ተቀምጧል፤ ሥራው ወፍራሙን ድምፅ ከስፒከሩ ላይ መቀነስ ነው። ስፒከራችሁ ሚጢጢ ከሆነ ይጠቅመዋል። ትልቅ የእንጨት ሳጥን ያለው የድሮ ስፒከር ከሆነ ግን ጤነኛ ሰው ምርኩዝ እንደማስያዝ ነው።

ቡሬ ሱቅ ያለው አንድ የድሮ ተማሪዬ አባቱ በእህቱ ሠርግ ላይ የመረቁትን ምርቃት በካሴት ይዞታል። አባትየው አርፈዋል። ባስ ካስገባ ወዲህ «ድምፃቸው ከጎታ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ሽቦው በሳብዉፈሩ ውስጥ ዞሯል፤ «ክሮስኦቨር» የሚለው ማዞሪያ ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው፣ 200 ኸርዝ። ወንድ ልጅ ሲናገር የድምፁ መሠረት ባመዛኙ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ የአባቱ ድምፅ ግማሹ ከስፒከሩ፣ ግማሹ ጥግ ላይ ከተቀመጠው ሳጥን ይወጣ ነበር። ሽቦውን ወደ ቦታው መለስን፣ ማዞሪያውን 70 ላይ አወረድነው። አባትየው ከጎታው ወጡ። ልጁ ምርቃቱን ሦስት ጊዜ መላልሶ ሰማ፣ እኔም ቡናዬን ጠጣሁ።

እና ትክክለኛው አገናኝ የቱ ነው? አምፕሊፋየራችሁ ጀርባ «ፕሪ አውት» ወይም «ሳብ አውት» የሚል ቀዳዳ ካለ ነገሩ አለቀ። በአርሲኤ ገመድ ከሳብዉፈሩ «ላይን ኢን» ጋር አገናኙት፣ የስፒከሩን ሽቦ አትንኩ። «ቴፕ አውት» ወይም «ሬክ አውት» ከሚለው ጋር ግን እንዳታምታቱት፤ እሱ የቮሊዩሙን ማዞሪያ አይሰማም፣ እናንተ ድምፅ ስትቀንሱ ባሱ ብቻውን መጮሁን ይቀጥላል።

ፕሪ አውት ከሌለው (የድሮዎቹ ብዙዎቹ የላቸውም) ሳብዉፈሩ ላይ «ሃይ ሌቭል» ወይም «ስፒከር ኢን» የሚለውን ፈልጉ። አምፕሊፋየሩን አጥፉና የስፒከሩ ሽቦ ከታሰረበት መውጫ ላይ ሁለተኛ ቀጭን ሽቦ ጨምሩ፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ግራም ቀኝም። የዚያ መግቢያ ሬዚስታንስ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ የሚወስደው ከረንት ከምንም አይቆጠርም። ፓራለል ሰርኪት ያስተማርኳችሁ ለዚህ ነበር እኮ! ከ8 ኦም ጎን ብዙ ሺህ ኦም ብታስቀምጡ ጠቅላላው ያው 8 ነው ማለት ይቻላል። ስፒከሩ ጎረቤት እንደመጣበትም አያውቅ።

የስፒከር ሽቦ ጫፍ ላይ አርሲኤ ጃክ በይዶ ላይን ኢን ላይ መሰካት ግን ክልክል ነው። ያ መግቢያ ለትንሽ ቮልቴጅ የተሠራ ነው፤ «ሃይ ሎው ኮንቨርተር» የምትባል ዕቃ መሃል ትግባ። ደግሞም አንዳንድ አዳዲስ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ላይ ጥቁሩ መውጫ ግራውንድ አይደለም። የግራና የቀኙ ጥቁር ከተገናኙ ሊቃጠሉ ይችላሉ፣ ማኑዋሉን ሳታዩ አትጀምሩ።

ማስተካከሉ በጆሮ ነው። እኔ የምፈትነው በዘፈን አይደለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። (ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ መንገድ ላይ ስለሆነች ለኛ የሰፈር ወሬ ነው።) ስፒከሮቹን ለጊዜው ንቀሉና ሳብዉፈሩን ብቻ ስሙ። ወጋየሁ የሚለው ቃል በቃል ከተለየላችሁ ክሮስኦቨሩ ከፍ ብሏል፤ ቃሉ ጠፍቶ የሩቅ ጉርምርምታ እስኪቀር አውርዱት። ከዚያ ስፒከሮቹን መልሱና ዘፈን ክፈቱ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ እሱ ሲመታ ባሱ ከየትኛው ጥግ እንደመጣ ማወቅ የለባችሁም፣ ምክንያቱም ከ80 ኸርዝ በታች ያለን ድምፅ ጆሯችን አቅጣጫውን ለመለየት ይቸገራል። «ፌዝ» የሚለውን 0 እና 180 እያደረጋችሁ ባሱ ሞላ ብሎ የተሰማበት ላይ ተዉት።

ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ብቻውን ሲጫወት ሳብዉፈሩ አብሮ ካጓራ ግን የተበላሸ ነገር አለ። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ ከበሮ ማስመሰል ምን ይሉታል? በ1960ዎቹ አምኃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን ዘፈኖች የምትወዱም፣ ቀረጻው ውስጥ ያልገባ ባስ በማዞሪያ አይመጣምና አታስጨንቁት።

ስለ ቤቱም አንድ ነገር ልበል። ሳብዉፈር ጥግ ላይ ሲቀመጥ ባሱ ይጨምራል፤ እኛ ቤት ደግሞ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የአቡጀዲ ኮርኒስ አለ። ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ከጀመረ የምትሰሙት ዘፈኑን ሳይሆን ጣሪያውን ነው። ከጥጉ አንድ ሜትር ያህል አርቁት። ገጠር በሶላር የምትኖሩ ደግሞ ይቅርባችሁ፣ ባትሪው ለአምፖሉ ይበቃል።

«ምምም» የሚል ድምፅ ካልጠፋ ሁለቱን ዕቃዎች አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፤ ብዙ ጊዜ ያኔ ይቀንሳል። የስፒናውን የኧርዝ እግር ቆርጦ ላጥፋላችሁ የሚል ባለሙያ ከመጣ ግን ቡና አጠጡና ሸኙት። ያቺ እግር ለድምፅ ጥራት አይደለም የተሠራችው፣ ለሕይወታችሁ ነው።

ግራ የገባችሁ የአምፕሊፋየራችሁን ፎቶ ላኩልኝ። ፊቱን አይደለም፣ ጀርባውን!