ስሕተትን የሚሸፍን ብራውዘር

ባለፈው መንፈቅ ዓመት የቤተ ሙከራ ዘገባውን በድረ ገጽ መልክ አዘጋጅቶ ባቀረበልኝ ተማሪ ላይ ልፈርድበት ምንም አልቀረኝም ነበር። በሠንጠረዡ ከሰፈሩት ልኬቶች የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከቀሩት እጅግ ይርቃሉ። ከሠንጠረዡ በላይ ደግሞ «ከዚህ በታች ያሉት በአዲሱ መሣሪያ የተለኩ ናቸው» የሚል ማስታወሻ ይነበባል። ሁሉም በአንድ መሣሪያ ከተለኩ ልዩነቱ ከየት መጣ? ማርኩን ከመቀነሴ በፊት የገጹን ምንጭ ከፍቼ ብመለከት፣ ተማሪው ማስታወሻውን የጻፈው በአራተኛውና በአምስተኛው ረድፍ መካከል ኖሯል። ከቦታው ያነሣው ብራውዘሩ ነው።

በኤችቲኤምኤል ሕግ ሠንጠረዥ ረድፎችን፣ ረድፍም ሕዋሶችን ይይዛል፤ በረድፎች መካከል ጽሑፍ ማስገባት የሚሻ ሰው ረድፍና ሕዋስ ሊያበጅለት ይገባል። እንዲሁ ከተጣለ ግን ብራውዘሩ አውጥቶ ከሠንጠረዡ በፊት ያስቀምጠዋል። የታጎች አዘጋግም ከአልጀብራ ቅንፍ አይለይም፤ መጨረሻ የተከፈተው አስቀድሞ ይዘጋል። በደማቅ ጽሑፍ ውስጥ ዘመም ያለ ጽሑፍ ከከፈትን፣ ቀድሞ የሚዘጋው ዘመም ያለው ነው። ቅደም ተከተሉ ቢፋለስ እንኳ ገጹ ብዙውን ጊዜ ያው ሆኖ ይታያል፤ ተማሪዎቻችንን የሚያዘናጋቸውም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኤክስኤችቲኤምኤል 1.0 ጥብቅ ነበር። ገጹ እንደ ኤክስኤምኤል ሰነድ ከተላከ፣ ሁለት ታጎች ቢጠላለፉ ብራውዘሩ የስሕተት መልእክት ያሳያል። በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 በአንጻሩ የተዛባ ገጽ እንዴት እንደሚጠገን በዝርዝር ደነገገ። እኔ በዚህ አልከፋም፤ በጸሐፊው ጥፋት አንባቢው ለምን ይቀጣል? ይሁን እንጂ ጥገናው ግምት ነው፤ ብራውዘሩ የጸሐፊውን ሐሳብ አያውቅም። ድር እ.ኤ.አ. በ1989 በሰርን ሲጠነሰስ የታሰበው ለተመራማሪዎች መረጃ መለዋወጫ ነበር (ጠንሳሹ ቲም በርነርስ ሊም ፊዚክስ የተማረ ነው)፤ ለተመራማሪ ደግሞ ከቦታው የተነሣ ማስታወሻ ከጠፋው የባሰ ነው።

ስለዚህ የድረ ገጽ ሥራን በመልኩ ብቻ የምናርም መምህራን ልማዳችንን እንተው። ደብሊው ስሪ ሲ በነፃ ያቀረበው ማረጋገጫ እንዲህ ያለውን ስሕተት ከነመስመር ቁጥሩ ያሳያል፤ ተማሪውም ሥራውን ከማስረከቡ በፊት በዚያ ያሳልፈው።

ተማሪዬ ለማስታወሻው ረድፍና ሕዋስ አበጅቶ ዘገባውን መልሶ ላከልኝ። ማርኩን አልነካሁም። አሮጌው መሣሪያ ለምን ያን ያህል እንደሳተ ግን ገና አልተስማማንም።