የኦሃዮን ሴናተሮች ማን ሲመርጥ ኖረ?

ኦሃዮ በአሜሪካ ሴኔት ሁለት ወንበር አላት። ዛሬ በወንበሮቹ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች የገቡበት በር ግን አንድ አይደለም። በርኒ ሞሬኖ በኖቬምበር 2024 ምርጫ ሸሮድ ብራውንን አሸንፈው በሕዝብ ድምፅ ገቡ። ጆን ሂዩስተድን ያስገባቸው የአንድ ሰው ፊርማ ነው። ጄ ዲ ቫንስ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በጃንዩዋሪ 2025 ወንበራቸውን ሲለቁ፣ አገረ ገዥው ማይክ ደዋይን የገዛ ምክትላቸውን ሾሙበት። ሕጉ ይፈቅድላቸዋል፤ የተሿሚውም የሥራ ልምድ አያጠያይቅም። ቢሆንም ከ11 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ግዛት ካሏት ሁለት ድምፆች አንዱ ለሁለት ዓመት ያህል መራጭ ሳያየው መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳዩ ኮሎምበስ ውስጥ የምንኖረውን ኢትዮጵያውያንም ይመለከታል፤ ዜግነት ይዘን ድምፅ የማንሰጥ ብዙ ነንና።

ብዙዎቻችን ሴናተርን የሩቅ ሰው አድርገን እናያለን። ነገር ግን አዲስ አበባ የሚላከው አምባሳደር ያለ ሴኔቱ ይሁንታ አይሄድም። የኢሚግሬሽን ጉዳያችን ይግባኝ ተብሎበት የሚደርሳቸው የፌዴራል ዳኞችም በሴኔቱ ካልጸደቁ ወንበር ላይ አይቀመጡም። ከዚህም የቀረበ ነገር አለ። የሚስቱ ወይም የእናቱ ጉዳይ ለዓመታት የተንጠለጠለበት ሰው ለሴናተሩ ቢሮ ደውሎ፣ የፈቃድ ቅጽ ፈርሞ፣ ፋይሉ የት እንደደረሰ መሥሪያ ቤቱን እንዲጠይቁለት ማድረግ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ይጠቀምበታል፤ የማያውቅ ዓመቱን ሙሉ ደብዳቤ ይጠብቃል።

ኦሃዮ በ1803 ግዛት ስትሆን ሴናተር መምረጥ የሕዝብ ሥራ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን፣ ቶማስ ወርቲንግተንንና ጆን ስሚዝን፣ የመረጠው የግዛቲቱ ምክር ቤት ነው። የወርቲንግተን ስም ከከተማችን በስተሰሜን ባለችው ትንሽ ከተማ ይታወሳል። ስሚዝ ግን በቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት በአሮን በር የሴራ ክስ ስማቸው ተነሥቶ፣ ሴኔቱ በ1808 ሊያባርራቸው ድምፅ ሲሰጥ በአንድ ድምፅ ተረፉ፤ ወዲያው በፈቃዳቸው ለቀቁ።

ያለ ሕዝብ ድምፅ መምረጥ ለአገር ቤት ሰው እንግዳ አሠራር አይደለም። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላቱን የሚሾምለት ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ተፈቀደ፤ የመወሰኛው ግን በሹመት እንደነበረ ቀጠለ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የክልል ምክር ቤቶች ራሳቸው መምረጥም ሆነ በሕዝብ ቀጥታ ድምፅ ማስመረጥ ይችላሉ። ሁለቱም በር በአንቀጽ 61 ተከፍቶ ሳለ ሲገባበት የኖረው የመጀመሪያው ነው። የክልል ምክር ቤቶቻችን ዛሬ የሚሠሩትን የኦሃዮ ምክር ቤት ለ110 ዓመት ያህል ሠርቶታል፤ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጎደለም በታሪክ ተመዝግቧል።

ካተረፈው ልጀምር፤ ለእኛ ለጥቁሮች ትልቁ እሱ ነውና። በ1804 እና በ1807 በወጡት የኦሃዮ ጥቁሮችን የሚመለከቱ ሕጎች መሠረት፣ አንድ ጥቁር ሰው ወደ ግዛቲቱ ገብቶ ለመኖር ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ማስመዝገብና በ20 ቀን ውስጥ የ500 ዶላር ዋስትና የሚገቡለት ሰዎች ማቅረብ ነበረበት። ነጭ በተከራከረበት ጉዳይም መመስከር አይፈቀድለትም ነበር። በ1848 መጨረሻ እዚሁ ኮሎምበስ የተሰበሰበው ምክር ቤት በዊግና በዴሞክራት ፓርቲዎች እኩል ተከፍሎ ሥራው ቆመ። ሚዛኑ ያለው ባርነት እንዳይስፋፋ በሚታገሉ ጥቂት የፍሪ ሶይል ሰዎች እጅ ነበር። ከእነርሱ መካከል ኖርተን ታውንሼንድና ጆን ሞርስ ምክር ቤቱን ዴሞክራቶች እንዲይዙት ድጋፋቸውን ሰጡ፤ በምላሹም በ1849 አብዛኛው የጥቁሮች ሕግ ተሻረ፣ የሸሹ ባሮች ጠበቃ ተብለው የሚታወቁት ሳመን ቼዝም ሴናተር ሆኑ። ቼዝ የተኩት ባርነትን ይደግፉ የነበሩትን ዊልያም አለንን ነው። የአለን ሐውልት በዋሽንግተን ካፒቶል ኦሃዮን ወክሎ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆመ በኋላ በ2016 ተነሥቶ የቶማስ ኤዲሰን ቆመበት። ቼዝ ግን ዛሬም መሀል ከተማ በስቴት ሃውስ ግቢ፣ ሰባቱ የኦሃዮ ሰዎች በተቀረጹበት ሐውልት ላይ አሉ። ለሥራ ወደ መሀል ከተማ የምትሄዱ ሰዎች ቀና ብላችሁ እዩአቸው። የሊንከን የገንዘብ ሚኒስትር፣ ኋላም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሆነዋል።

ሁለት ሰዎች በዝግ ስምምነት ያን ያህል በጎ ነገር ማስገኘታቸውን ሳስብ፣ በምክር ቤት መምረጥ ጨርሶ መጥፎ ነበር ለማለት አልደፍርም። ችግሩ ያው በር ለገንዘብም ክፍት መሆኑ ነው። በ1884 ሄንሪ ፔይን ሲመረጡ ልጃቸው የነዳጅ ኩባንያው የስታንዳርድ ኦይል ገንዘብ ያዥ ነበር፤ የምክር ቤት አባላት በጉቦ ተገዝተዋል የሚል ክስ ከኦሃዮ ተነሥቶ ዋሽንግተን ደረሰ፣ ሴኔቱ ግን ሳይመረምረው ዘጋው። በ1898 ማርክ ሃና በምክር ቤቱ ለጥቂት ሲያልፉ እንዲሁ የጉቦ ክስ ተከተላቸው። የምክር ቤት አባል ጥቂት ነው፤ ጥቂትን መግዛት ለባለሀብት አይከብድም። ከኦሃዮ ሴናተሮች ሁሉ ረጅሙን ዘመን ያገለገሉት ጆን ሸርማን ስማቸውን በያዘው በ1890ው ሕግ የኩባንያዎችን ሞኖፖል ለመግታት ሲነሡ፣ እርሳቸውን የሚመርጠው ምክር ቤት ራሱ ከኩባንያዎች እጅ አልራቀም ነበር።

በ1913 አሥራ ሰባተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲጸድቅ ምርጫው ለሕዝብ ተሰጠ። በዓመቱ፣ በ1914፣ የኦሃዮ መራጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ የመረጠው ሴናተር ዋረን ሃርዲንግ ነው፤ በ1920 ከሴኔት ወንበር በቀጥታ ወደ ፕሬዚዳንትነት ያለፉ የመጀመሪያው ሰውም እርሳቸው ሆኑ። ኋላ ሮበርት ታፍትም፣ ሃዋርድ ሜትዘንባምም፣ በ1962 ምድርን የዞሩት ጆን ግሌንም የመጡት በዚሁ በር ነው። ማሻሻያው ግን አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ ወንበር በመሀል ሲለቀቅ ምርጫ እስኪደረግ አገረ ገዥው መሾም ይችላል።

የኦሃዮ መራጭ ለእነዚህ ተሿሚዎች ምን መልስ እንደሰጠ ማየት ያስፈልጋል። በ1928 የተሾሙት ሳይረስ ሎከር የፓርቲያቸውን እጩነት እንኳ አላገኙም። በ1929 የተሾሙት ሮስኮ ማከሎክ በዓመቱ ተሸነፉ። በ1945 የተሾሙት ጄምስ ሃፍማን በጆን ብሪከር ተረቱ። ታፍት በ1953 ሲሞቱ የተተኩት ቶማስ በርክ ለጥቂት ወደቁ። በ1974 የተሾሙትን ሜትዘንባምን በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ የጣሏቸው ጆን ግሌን ናቸው፤ ሜትዘንባም በ1976 ተመልሰው በሕዝብ ድምፅ ሲገቡ ግን እስከ 1995 ቆዩ። አምስቱም ሹመታቸውን ተከትሎ የመጣውን ምርጫ አላለፉም። የሂዩስተድ ዕጣ እንደዚያው ይሆናል ብዬ አልተነብይም፤ ግዛቲቱ ከያኔው ወደ ሪፐብሊካን አዘንብላለች። መራጩ ግን የተሾመበትን ሰው ራሱ ሳይመዝን ያለፈበት ጊዜ የለም። የዘንድሮውም ምርጫ ያለ እኛ ሚዛን እንዲያልፍ አልፈልግም።

ቀሪውን የቫንስ ዘመን የሚጨርሰው ሰው ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ይመረጣል። ብራውን በ2024 ያጡትን የሴኔት መቀመጫ ትተው በዚህኛው ወንበር ከሂዩስተድ ጋር ለመወዳደር መነሣታቸውን በኦገስት 2025 አስታውቀዋል። ለማን ድምፅ እንደምትሰጡ ልነግራችሁ አልመጣሁም። ልታስቡበት የሚገባ ነገር ግን አለ፤ በ220 ዓመት ውስጥ ኦሃዮ አንዲትም ሴት፣ አንድም ጥቁር ሴናተር አልላከችም። በሌላ በኩል ሞሬኖ የተወለዱት ቦጎታ ነው፤ ዜግነት በወሰደ በ9 ዓመቱ፣ 30 ዓመት የሞላው ሰው ለሴኔት መወዳደር እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ዕድር ያሰባሰበን ሰዎች እጩዎቹን ጋብዘን፣ አዲስ አበባ ስላለው ኤምባሲና ስለ ቤተሰብ ቪዛ ምን አቋም እንዳላቸው ብንጠይቃቸው እንደሚመጡ አልጠራጠርም፤ ድምፅ እንዳለን ካዩ።

ለዚህም ቅድሚያ መመዝገብ ነው፤ ምዝገባው ምርጫው ሊደርስ 30 ቀን ገደማ ሲቀረው ይዘጋል። በማግስቱ ቀድሞ መምረጥ ይጀመራል፤ የፍራንክሊን ካውንቲ ምርጫ ቦርድ የሚገኘው ብዙዎቻችን ለገበያም ለቡናም በምንመላለስበት በሞርስ ሮድ፣ ቁጥር 1700 ነው። ከ2023 ወዲህ ፎቶ ያለው መታወቂያ ግዴታ ነው። በቅርቡ ዜግነት የወሰዳችሁ ሰዎች መንጃ ፈቃዳችሁን ገልብጣችሁ እዩት፤ ዜጋ አለመሆናችሁን የሚገልጽ ጽሑፍ ካለበት ለምርጫ አያገለግላችሁም፣ አስቀድማችሁ አስቀይሩት ወይም ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።