ሐዲዱ ሳይመጣ ጣቢያው ይምጣ

መተማ ባቡር የለም፤ የባቡር ወሬ ግን ሞልቷል። ከወልድያ ተነሥቶ በወረታ በኩል እዚህ የሚደርስ መስመር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ላይ ከሰፈረ ዓመታት አልፈዋል። ከድንበሩ ማዶ የሱዳኗ ገዳሪፍ ባቡር ካየች መቶ ዓመት ሊሞላት ነው። የእኛ ሰሊጥና ጥጥ ግን ዛሬም የሚሄደው በተሳቢ ነው።

ባቡሩን የሚጠብቅ ይጠብቅ። እኔን የሚያሳስበኝ ጣቢያው ነው።

ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የገባው በ1895፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። ዛሬ ለገሃር ላይ የምናየው ሕንፃ ግን የተመረቀው ኅዳር 1922 ነው፤ ባቡሩ ከገባ ከ12 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ድሬዳዋማ ከተማዋ ራሷ የጣቢያው ልጅ ናት፤ መስመሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው እግሩ ሥር ተቆረቆረች፣ የጥገና ወርክሾፑም ስንቱን ባለሙያ አፈራ።

በ2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ፍጥነት አገኘን፤ ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ወጡ። ለቡ ድረስ ሌላ መኪና ተሳፍሮ ባቡር መያዝ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከለገሃሩ ዘመን ወደ ኋላ መመለስ ነው።

አሁን ወደ ቆላችን። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት በሺዎች የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ከደጋው ይወርዳል። ሥራ እስኪያገኝ የሚያድረው የት ነው? ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትነድፈው ደግሞ ሌሊት ውጭ የተኛን ሰው ነው፤ ወባውን ሳንጨምር። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ የሸሸው ሕዝብም በዚሁ በር ገባ። ጥላ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ ዕቃ ማስቀመጫ፣ አጎበር የተዘረጋበት ማደሪያ፦ አንድ ደህና የባቡር ጣቢያ ለመንገደኛው ከሚያቀርበው ብዙውን ለማሟላት ሐዲድ አያስፈልግም።

ሌላም ምክንያት አለ። የሱዳን ነባር ሐዲድ ስፋቱ 1.067 ሜትር፣ የእኛ አዲሱ 1.435 ነው። ማዶው ካልታደሰ በቀር ሁለቱ ድንበር ላይ ቢገናኙም ፉርጎ ከአንዱ ወደ አንዱ አያልፍም፤ ጭነቱ መገልበጥ አለበት። ይህ የሚሆነው መተማ ላይ ከሆነ ሰፊ ግቢ፣ መጋዘንና የሠራተኛ ማረፊያ ያስፈልጋል። መሬቱ ዛሬ ካልተከለለ ነገ በካሣ ክርክር እንከርማለን።

ስለዚህ የዞኑና የከተማው ኃላፊዎች፣ እናንተም የሰሊጥ ነጋዴዎች፦ ቦታውን ከልሉ፣ ማረፊያውን ከመጪው አጨዳ በፊት ጀምሩት። አደራ፣ ከከተማው አታርቁት።